በኤሌክትሪክ መኪና ላይ የካሊፐር ማስዋቢያ ሽፋን በቤት ውስጥ ስለመግጠም (ጎንደር)

ዘማራኪ ጻፈ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ጎንደር ማራኪ ነው፤ የምነዳው ደግሞ ፎልክስዋገን አይዲ 4 የተባለውን የኤሌክትሪክ መኪና ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተወሰነ ወዲህ በከተማችን የኤሌክትሪክ መኪና እየበረከተ ቢመጣም፣ ስለ እነዚህ መኪኖች በአማርኛ ተጽፎ የሚገኘው ነገር ገና ጥቂት በመሆኑ ጥያቄዬን ለሙያው ቅርብ ለሆናችሁ ላቀርብ ወደድሁ።

በመጪው ጥር የእህቴ ሠርግ አለ። መኪናዬ አጃቢ ሆና ስለምትሰለፍ ጥቂት ላሳምራት አስቤ ከአዲስ አበባ ቀይ የካሊፐር (የፍሬን ሸራዎቹን ይዞ ከጎማው ጋር በሚዞረው ዲስክ ላይ የሚጨብጠው የብረት ክፍል) ሽፋን አስመጥቻለሁ። በካርቶኑ ውስጥ ሁለት ትልልቅና ሁለት ትንንሽ ሽፋኖች፣ አንድ ቱቦ ሲሊኮንና ጥቂት ቀጫጭን የብረት ማሰሪያዎች አሉ። ሽፋኖቹ ፕላስቲክ ናቸው፤ ጀርባቸው ክፍት ነው፤ ፊታቸው ላይ የአንድ የታወቀ የፍሬን ፋብሪካ ስም በነጭ ተለጥፏል። በካርቶኑ ላይ ያለው ሥዕል ሲሊኮኑን ቀብቶ መለጠፍ ብቻ እንደሚበቃ ያሳያል። ሥራውን በግቢዬ ውስጥ በራሴ ለመሥራት አስባለሁ። ማጣበቂያው በእርግጥ ይዞ ይቆያል ወይ? የፍሬኑንስ ሥራ አያውክም ወይ? ጎማ መፍታትና መግጠም ልምዱ አለኝ፤ የኤሌክትሪክ መኪና ግን በክሪክ አንስቼ አላውቅም።

የአዘዞ መካኒክ ጻፈ፦

ወንድሜ፣ ለእህትዎ ሠርግ በሰላም ያድርሳችሁ።

ከሁሉ በፊት የስልክዎን መብራት ይዘው በኋላው ቸርኬ ክፍተት በኩል ወደ ውስጥ ይመልከቱ። የአይዲ 4 የኋላ ፍሬን ታምቡር ነው እንጂ ዲስክ አይደለም፤ ስለዚህ ካሊፐር የሚባል ነገር የለውም። ፋብሪካው ይህን ያደረገው ዋጋ ለማርከስ ብቻ አይደለም። መኪናዋ ፍጥነት ስትቀንስ ኃይሉን መልሶ ወደ ባትሪ የሚያስገባው ከኋላ ያለው ሞተር ስለሆነ የኋላ ፍሬን ሥራው ጥቂት ነው። ብዙ የማይሠራ ዲስክ ይዝጋል፤ የታምቡር ሸራ ግን ከውስጥ የተከደነ በመሆኑ ዝናብና ጭቃ እንደ ልብ አያገኘውም። እንግዲህ ከካርቶኑ የወጡት ሁለቱ ትንንሾች ለእርስዎ መኪና ሥራ የላቸውም። ታምቡሩ ላይ ለጥፈው ካሊፐር ለማስመሰል የሚሞክሩ ሰዎች አሉ፤ ታምቡር ከጎማው ጋር አብሮ ስለሚዞር ሽፋኑም አብሮ ይዞራል፣ ፍጥነት ሲጨምርም ተነቅሎ ይወረወራል። እባክዎ ይህን አያድርጉ።

ክሪኩን በተመለከተ፣ የዚህ መኪና ባትሪ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ድረስ በወለሉ ሥር ተዘርግቷል። ክሪክ የሚያርፈው ከበሮቹ ሥር በሚገኘው ጠርዝ ላይ ፋብሪካው ምልክት ባደረገባቸው ቦታዎች ብቻ ነው። ከዚያ ጥቂት ወደ ውስጥ ከገባ ከ2,000 ኪሎ ግራም በላይ የምትመዝን መኪና በባትሪው ሳጥን ላይ ታርፋለች፤ ሳጥኑ ከጎበጠ የሚያስከትለው ወጪም ከሽፋኑ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። መሬቱ ሲሚንቶ ወይም ሌላ ጠንካራና ሜዳ ቦታ ይሁን፤ በማራኪ ብዙው ግቢ ዳገት ስለሆነ ይህን በቀላሉ አይመልከቱት። የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፣ ከሚነሣው ጎማ በሰያፍ ላለው ጎማ ከፊትም ከኋላም ታኮ ያስገቡለት፣ ጎማው ከወጣ በኋላም በክሪክ ብቻ አይታመኑ፤ የብረት መደገፊያ ያስገቡ። ለዚህ ሥራ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለውን ክፍል መንካት አያስፈልግም፤ ብርቱካናማ ቀለም ያለው ገመድ ካዩ ግን እጅዎን ያርቁ።

ስለ ማጣበቂያው ነገ በሰፊው እመለሳለሁ።

የፒያሳዋ አሽከርካሪ ጻፈች፦

እኔ የምነዳው ቢዋይዲ ነው፤ በአራቱም ጎማ ዲስክ ያለው ስለሆነ አራቱንም አልብሻለሁ። ነገር ግን የገዛሁት በሲሊኮን የሚለጠፈውን ሳይሆን አሉሚኒየም ሆኖ በካሊፐሩ ትከሻ ላይ በብረት ቅንፍና በብሎን የሚታሰረውን ዓይነት ነው። ዋጋው ከፕላስቲኩ በእጅጉ ይበልጣል። ልዩነቱ የሚታወቀው በእጅ ሲያዝ ነው፤ ከታሰረ በኋላ በሁለት እጅ ብንወዘውዘው ካሊፐሩ ራሱ ካልተንቀሳቀሰ በቀር ሽፋኑ ብቻውን ንቅንቅ አይልም።

ለዘማራኪ አንድ ነገር ልጨምር። የኋላ ካሊፐር ባላቸው ብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች የእጅ ፍሬኑን የሚያጠብቀው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ከካሊፐሩ ጀርባ ተገጥሟል፤ ገመዱም እዚያው ይመጣል። በዚህ ገመድ ላይ ማሰሪያ ሲያልፍ አይቼ አስፈትቻለሁ። ለእርስዎ መኪና ባይመለከትም ሌሎች አንባቢዎች ቢያውቁት መልካም ነው።

ጥንቃቄ ይቅደም ጻፈ፦

እህቴም ወንድሜም አትቀየሙኝ፤ እኔ ግን የሐሳቡ ደጋፊ አይደለሁም። በመኪና ላይ የሰው ነፍስ የተንጠለጠለበት ክፍል ቢኖር ፍሬንና መሪ ነው። ፋብሪካው ያላዘዘውን ነገር በፍሬን ላይ መለጠፍ፣ ያውም ለመታየት ብቻ፣ ትርፉ ምንድን ነው? የካሊፐሩ ፊት ላይ ያለው ክፍተት የሸራውን ውፍረት ለማየት የተተወ ነው፤ ሽፋኑ ይህን ይደፍናል። ሸራው አልቆ ብረት ከብረት እስኪፋጭ ድረስ ባለቤቱ ሳያውቅ ሊቆይ ይችላል። በሽፋኑ ላይ የተለጠፈው ስም ደግሞ ገዢን ያሳስታል፤ ነገ መኪናው ቢሸጥ ገዢው የተሻለ ፍሬን የገዛ ይመስለዋል።

መምህረ ፊዚክስ ጻፈ፦

የ«ጥንቃቄ ይቅደም» ሥጋት ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ መልሱ መኪናው በሚሄድበት መንገድ ላይ የሚወሰን ይመስለኛል። ስለ ሙቀቱ ጥቂት ልተንትን።

ፍሬን ማለት የመኪናውን የእንቅስቃሴ ኃይል ወደ ሙቀት የሚለውጥ መሣሪያ ነው። በኤሌክትሪክ መኪና ይህ ኃይል በአብዛኛው ወደ ሙቀት ሳይለወጥ በሞተሩ በኩል ወደ ባትሪ ይመለሳል፤ ስለዚህ ከፒያሳ ወደ አዘዞ በዝግታ ለሚመላለስ ሰው የፊት ካሊፐሮች ለብ ከማለት አያልፉም። ሽፋኑ የተሠራበት ፕላስቲክ ኤቢኤስ የተባለው ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜም እርሱ ነው፣ መለስለስ የሚጀምረው ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ነው። በከተማ ውስጥ እዚያ የሚያደርስ ሙቀት ብዙ ጊዜ አይገጥመውም።

አሁን ደግሞ ደባርቅ አድሮ፣ ባትሪውን ጢም አድርጎ ሞልቶ፣ ጠዋት ሊማሊሞን የሚወርድ ሰው እናስብ። የሞላ ባትሪ ተጨማሪ ኃይል መቀበል ስለማይችል ሞተሩ የማዘግየት ሥራውን በእጅጉ ይቀንሳል። መኪናው 2,100 ኪሎ ግራም ቢመዝንና ቁልቁል 1,000 ሜትር ቢወርድ የሚለቀቀው ኃይል ወደ 20 ሚሊዮን ጁል፣ ማለትም ከ5.5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው። ይህ 60 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ኃይል ነው። ከነፋሱና ከጎማው ጋር በሚደረገው መፋተግ የሚባክነውን ብንቀንስ እንኳ ከሚተርፈው አብዛኛው በዲስክና በሸራ ላይ ያርፋል። የዲስኩ ብረት በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ብዙ መቶ ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ ካሊፐሩም ከ100 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል። ከአይከል አልፎ ወደ መተማ ለሚወርደውም ነገሩ ያው ነው።

በዚያ ጊዜ ሲሊኮኑ አይደለም የሚከዳው። ለሞተር የሚሆነው ቀዩ ሲሊኮን ከ250 ዲግሪ በላይ ይችላል። የሚከዳው ፕላስቲኩ ራሱ ነው፤ ይለሰልሳል፣ ይጣመማል፣ ቸርኬውን ሊነካ ይችላል። በተጨማሪም ካሊፐር የሚቀዘቅዘው ነፋስ ሲያገኘው ስለሆነ ሽፋኑ ሙቀቱን አምቆ የፍሬን ዘይቱን ያሞቃል። ዘይቱ አሮጌ ሆኖ ውሃ የመጠጠ ከሆነ የሚፈላበት ሙቀት ዝቅ ይላል፤ የፈላ ዘይት ደግሞ ፔዳሉን ባዶ ያደርገዋል።

የአዘዞ መካኒክ ጻፈ፦

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ እኛ በእጃችን የምናውቀውን በቁጥር አስረዱን። በዚሁ ላይ ተመርኩዤ የቀረውን ልናገር።

ሲሊኮን ብቻውን ማሰሪያ አይደለም። የጎንደር ኮብልስቶን ቀኑን ሙሉ ይንጣል፤ ክረምት ሲገባ ከሰኔ እስከ መስከረም ጭቃው ከካሊፐሩ ጀርባ ይጠቀጠቃል፤ ሲደርቅ ደግሞ ሽፋኑን ይገፋዋል። ተላቆ የወደቀ ሽፋን ሁልጊዜ መንገድ ላይ አይወድቅም፤ በቸርኬውና በካሊፐሩ መካከል ተቀርቅሮ ቸርኬውን ሊፍቅ፣ የፍሬን ቱቦውንም ሊመታ ይችላል። ስለዚህ ሲሊኮኑ እንዳይንቀጫቀጭ ይያዝ፤ እንዳይወድቅ የሚይዘው ግን ከካርቶኑ ጋር የመጣው የብረት ማሰሪያ ይሁን። ማሰሪያው በካሊፐሩ አካል ዙሪያ ይለፍ እንጂ ካሊፐሩ በሚንሸራተትበት ዘንግ፣ ዘንጉን በሚከድነው የጎማ ከረጢት፣ በቱቦው ወይም በአየር ማስወጫው (ከፍሬን ዘይቱ አየር በሚለቀቅበት ጫፍ) ላይ እንዳያልፍ። በአየር ማስወጫው ላይ ሽፋን ያረፈ እንደ ሆነ ነገ ዘይት የሚቀይረው ባለሙያ ሽፋኑን ሰብሮ ያወጣዋል።

ሲሊኮን ከመቀባትዎ በፊት ካሊፐሩን በሽቦ ብሩሽ አሹት፤ ከዚያም በአልኮል ወይም በፍሬን ማጽጃ ይጥረጉት። በናፍጣ አይጠቡት። በየጋራዡ የተለመደ ቢሆንም ናፍጣ የሚተወው ስስ ቅባት ሲሊኮኑ እንዳይይዝ ያደርጋል፤ ወደ ዲስኩና ወደ ሸራው ከፈሰሰ ደግሞ ፍሬኑን ያሟልጨዋል። ዲስኩን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው ይሥሩ። ከተለጠፈ በኋላ መኪናዋ ለ24 ሰዓት ሳትነቃነቅ ትደር።

አሁን ዋናው ነገር። ብዙ ሰው ክፍተቱን የሚለካው ባለበት ሁኔታ ነው፤ ይህ አይበቃም። የእርስዎ የፊት ካሊፐር ተንሸራታች ነው፦ ፒስተኑ በውስጥ በኩል ሆኖ የውስጡን ሸራ ይገፋል፤ በዚያው ግፊት የካሊፐሩ አካል ወደ መኪናው ይሳብና የውጩን ሸራ በዲስኩ ላይ ይጫናል። የውጩ ሸራ እያለቀ በሄደ ቁጥር የካሊፐሩ ፊት ወደ ውስጥ እየገባ ከቸርኬው ይርቃል። እንግዲህ ዛሬ በግማሽ ባለቀ ሸራ ላይ ሽፋኑን ገጥመው ቢለኩት ሰፊ ክፍተት ያገኛሉ፤ አዲስ ሸራ በተገጠመ ዕለት ግን ካሊፐሩ ወደ ውጭ ይመለሳል፣ ሽፋኑም ከቸርኬው ጋር ይጋጫል። ስለዚህ አሁን የውጩ ሸራ ስንት ሚሊሜትር እንደ ቀረው ይለኩ፤ ከአዲስ ሸራ ውፍረት ላይ ይቀንሱ፤ የሚወጣውን ልዩነት ካገኙት ክፍተት ላይ ይቀንሱ። የቀረው ከ3 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ሽፋኑን ይተዉት። በእኛ መንገድ ጠጠር ስለሚገባበት እኔ ከ5 ባያንስ እመርጣለሁ።

የሚለካበትም መንገድ ቀላል ነው። ሽፋኑን ሳይለጥፉ በቦታው በሽቦ ብቻ ያሰሩት፤ በፊቱና በአናቱ ጫፍ ላይ ድቡልቡል ሊጥ ያስቀምጡ፤ ጎማውን ገጥመው ብሎኖቹን በመስቀለኛ ቅደም ተከተል ያጥብቁ፤ ከዚያ ጎማውን በእጅ አንድ ሙሉ ዙር በቀስታ ያዙሩት። ሲፈቱት ሊጡ የተጨፈለቀበት ውፍረት ክፍተቱን ይነግርዎታል። ጎማውን በሚያዞሩበት ጊዜ የሚነካ ድምፅ ከሰሙ ያቁሙ፤ በጉልበት አያሳልፉት።

ቀለም ቀቢ ጻፈ፦

ሽፋኑን ለሚፈሩ ሰዎች ሌላ መንገድ አለ። ካሊፐሩን ራሱን ለከፍተኛ ሙቀት በተዘጋጀ ቀለም መቀባት ይቻላል። ቀለም ውፍረት ስለማይጨምር ክፍተቱ አይጠብም፤ ወልቆ አይወድቅም፤ የሸራውን መመልከቻም አይደፍንም። አድካሚው ነገር ማጽዳቱ ነው፤ ዝገቱ በብሩሽና በሸካራ ወረቀት ካልወጣ ቀለሙ በአንድ ክረምት ይላጣል። ዲስኩን፣ የጎማ ከረጢቶቹን፣ ተንሸራታች ዘንጎቹንና የአየር ማስወጫውን ጫፍ በወረቀትና በፕላስተር መሸፈን ግድ ነው። አንድ ጊዜ አፍስሶ ከመቀባት ስስ አድርጎ ደጋግሞ መቀባት ይሻላል። ለአይዲ 4 ደግሞ የኋላውን ታምቡር ጥቁር ወይም ብርማ መቀባት በካሊፐር ሽፋን ከማስመሰል ይልቅ ያምራል፤ ለዓይንም ሐቀኛ ነው።

ዘማራኪ ጻፈ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የኋላውን ተመልክቼ ታምቡር መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ ትንንሾቹን ሽፋኖች ወደ ካርቶኑ መልሻለሁ።

የፊቱን በሊጥ ለካሁት። ፊት ለፊት፣ ከቸርኬው ክንድ በኩል፣ ሊጡ የተረፈው በ9 ሚሊሜትር ነው። የውጩ ሸራ ከአዲሱ ጋር ሲነጻጸር ያለቀው 2 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ አዲስ ሸራ ቢገጠም እንኳ 7 ይተርፈኛል ማለት ነው። ከላይ በኩል ግን፣ በቸርኬው ውስጠኛ ግድግዳና በሽፋኑ አናት መካከል፣ ሊጡ ወረቀት እስኪመስል ተጨፍልቆ በአንድ ቦታ ላይ ተቆርጧል። ቸርኬውን ገልብጬ ባየው የቆረጠው ጎማውን ለማመጣጠን (ለባላንስ) የተለጠፈው የእርሳስ ክብደት ነው። እርሳሱ በሌለበት ቦታ ክፍተቱ 6 ሚሊሜትር ነው።

ጥያቄዬ እንግዲህ ሁለት ነው። እርሳሱን ምን ላድርገው? ወደ ደባርቅ የምወጣው አልፎ አልፎ ዘመድ ለመጠየቅ ሲሆን ከዚያ አልፌ ሊማሊሞን አልወርድም፤ እንዲህ ላለው ሰው ፕላስቲኩ ይበቃዋል ወይ?

ሰሜን ተጓዥ ጻፈ፦

ለሁለተኛው እኔ ልመልስ፤ መንገዱን በሥራዬ ምክንያት አዘውትሬ እሄድበታለሁ። ደባርቅ ከጎንደር በ100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ያለና ከፍታውም ከጎንደር የሚበልጥ ስለሆነ፣ በመልስ ጉዞ ቁልቁለቱ ያመዝናል፤ ነገር ግን ዳገትና ቁልቁለት እየተፈራረቀ ነው እንጂ እንደ ሊማሊሞ ያልተቋረጠ አይደለም። ደባርቅ አድረው ሲመለሱ ባትሪውን እስከ 80 ወይም 85 በመቶ ብቻ ይሙሉ፤ ሞተሩ ከመጀመሪያው ቁልቁለት ጀምሮ ያዘገይልዎታል። በአይዲ 4 ማርሹን ከዲ ወደ ቢ ማድረግም እግርዎን ከፔዳሉ ባነሡ ቁጥር ኃይሉን ወደ ባትሪ ይመልሳል። እንዲህ እየነዳሁ ከደባርቅ ስመለስ የፊት ዲስኮቼ ከሩቅ ሙቀታቸው አይሰማም።

ጥንቃቄ ይቅደም ጻፈ፦

ውይይቱን በጥሞና ስከታተል ቆይቻለሁ። ክፍተቱ ተለክቶ፣ በብረት ታስሮ፣ ለከተማ መንገድ ብቻ ከሆነ ተቃውሞዬ ይቀንሳል። ነገር ግን የሸራው መመልከቻ ጉዳይ አልተመለሰም። እባክዎ ዘማራኪ፣ ሽፋኑ ላይ በመመልከቻው ትክክል መስኮት ይክፈቱ፤ የፋብሪካው ስም የተለጠፈውም እዚያው መሐል ላይ ስለሆነ በአንድ ሥራ ሁለቱም ይወገዳሉ።

የአዘዞ መካኒክ ጻፈ፦

«ጥንቃቄ ይቅደም» የሰጡት ምክር ጥሩ ነው፤ እኔም ይህን አደርግ ነበር። ቀዳዳውን በስለት መጋዝ ከቆረጡት በኋላ ጠርዙን በሸካራ ወረቀት ያለስልሱት፤ የተሰነጠቀ ጠርዝ በንዝረት እየሰፋ ይሄዳል። ሽፋኑን ሳይለጥፉ በፊት ይቁረጡ እንጂ በመኪናው ላይ ሆኖ አይቁረጡ፤ ብናኙ በሸራውና በዲስኩ መካከል ይገባል።

እርሳሱን በራስዎ አይንቀሉ። ጎሚስታው ዘንድ ይሂዱና የተለጠፈው እርሳስ ከካሊፐሩ ትክክል ወጥቶ ወደ ቸርኬው የውስጥ ጠርዝ እንዲዛወር ይጠይቁ፤ ቦታው ስለተለወጠ መጠኑም ሊለወጥ ይችላልና ጎማው እንደገና ባላንስ ይደረግ። ከዚያ በኋላ በሊጥ አንድ ጊዜ ይድገሙት። ከዚህ ወዲያ ጎማ ባስቀየሩና ባላንስ ባስደረጉ ቁጥር ለጎሚስታው አስቀድመው ይንገሩት፤ ሽፋን መኖሩን ያላወቀ ሰው እርሳሱን እንደ ልማዱ መሐል ላይ ይለጥፈዋል፣ ከዚያም መጀመሪያ የሚሰሙት የመንቀጫቀጭ ድምፅ ነው።

ብሎኖቹን ደግሞ በመኪናዎ መመሪያ መጽሐፍ በተጻፈው የኒውተን ሜትር መጠን በቶርክ ቁልፍ ያጥብቁ እንጂ በእግር ቆሞ መጫን ይቅር፤ ቸርኬው አሉሚኒየም ነው። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ እንደገና ይፈትሿቸው፤ በዚያው ጊዜ ሽፋኑን በእጅ ወዝውዘው ይዩት። ትንሽ እንኳ ከተንቀሳቀሰ ማሰሪያውን አያጥብቁት፤ ፈትተው ሲሊኮኑን ሙሉ በሙሉ አንሥተው እንደ አዲስ ይጀምሩት። ግቢዎ ዳገት ሆኖ የሚያስቸግርዎ ከሆነ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዘዞ ብቅ ይበሉ፤ መደገፊያም የቶርክ ቁልፍም አለ፤ ሥራውን ግን እርስዎ ራስዎ ይሠሩታል።